ፊልም ቤቱ ዝም ያለ ቀን

ፊልም ከመጀመሩ በፊት የኋላሸት ማይኩን በጣቱ መታ መታ ያደርግና «ዛሬ ማን ይሙትልኝ?» ብሎ ይጠይቃል። አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ሰዎች መሐል እጆች ይወጣሉ።

«እኔ!»

«ኧረ አንተ ባለፈው ሞተሃል፤ ተራ ጠብቅ!»

«እኔን ከመረጥክ ቶሎ እንዳትገድለኝ፤ ትንሽ ልተኩስበት!»

ሥራው ይህ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ግድግዳዋ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ፊልም ቤት አለችው። ከውጭ አገር የመጣውን ፊልም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከስክሪኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአማርኛ ይተርከዋል። የኮሪያውንም የህንዱንም የራሺያውንም ስም ተመልካቹ ስለማይዘው፣ ለፊልሙ ሰዎች እዚያው የተቀመጡትን ሰዎች ስም ያወጣላቸዋል። አክተሩ አንድ ቀን ሚንሃጅ ይሆናል፤ ሌላ ቀን አምደሚካኤል። ስሙ የተሰጠው ሰው ስክሪኑ ላይ ሲሞት አዳራሹ በአንድ አፍ «ነፍስ ይማር!» ብሎ ይጮሃል። ሟቹም ከአግዳሚው ተነሥቶ እጁን እያውለበለበ ያመሰግናል። መሞት ክብር ነበር፤ በተለይ አሟሟቱ ካማረ።

የኋላሸት መርጡለ ማርያም አጠገብ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ዜማ ሊማር ገብቶ፣ ሳይዘልቅበት የወጣ ሰው ነው። ከትምህርቱ የተረፈው ድምፁ ብቻ ነው። በዚያ ድምፅ መጀመሪያ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ጠራበት፤ በኋላ ፊልም ተረከበት። አጭር፣ ራሰ በራ ሰው ነው። ቤቱ ሲገባ ከማውራት ይልቅ ሚስቱን እየሩስን ማዳመጥ ይመርጣል። ማይክ ሲይዝ ግን ያ ዝምተኛ ሰው የት እንደሚሄድ እሷም አታውቅም።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ሰው ግን አይወጣም። ዋናው ነገር ገና ያኔ ነው የሚጀምረው። ጨርቅ ነጋዴው ሚንሃጅ የሚወደው አስፈሪ ፊልም ነው።

«ጭራቁ ከወጣ ፊልሙ አለቀ በሉት» ይላል። «የሚያስፈራው እስኪወጣ ያለው ነው። በሩ ትንሽ ገርበብ ብሎ፣ ማን እንደከፈተው ሳይታወቅ። እዚያ ላይ ነው ፀጉር የሚቆመው።»

«አንተ ሱቅህን ሳትቆልፍ ስለምትመጣ ነው በር የሚያስፈራህ» ይለዋል አምደሚካኤል።

አምደሚካኤል አስተማሪ ነው፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ውሎው ፊልም ቤት ሆኗል። እሱ ደግሞ በካርታ ላይ በብዙ ፍለጋ የሚገኙ አገሮች የሠሯቸውን፣ ንግግር የማይበዛባቸውን ረጃጅም ፊልሞች ይወዳል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ አህያውን እየነዳ ተራራ ሲወጣ ብቻ የሚያሳይ ፊልም አምጥቶ ሕዝቡ «አህያው ዛሬ ይገባል ወይስ እኛም እዚሁ እንደር?» እያለ ሲጮህበት ዋለ።

«እናንተ ሰው ካልሞተ ፊልም አይመስላችሁም» አለ ተቆጥቶ። «ይኼ ሰውዬ አባታችሁን አይመስልም? አባታችሁን ፊልም ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

«አባቴንማ እቤት አየዋለሁ! እዚህ የመጣሁት ከእሱ አምልጬ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

የጦርነት ፊልም ደግሞ የውበቱ ነበር። ውበቱ በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ መጋዝ አቧራ ከፀጉሩ ላይ ሳያራግፍ መጥቶ ከፊት አግዳሚ ይቀመጣል። የጦርነት ፊልም ነፍሱ ነው፤ ሲተቸው ግን ለጠላትም አይስጥ።

«ተመትቶ ይኼን ሁሉ ንግግር የሚያደርግ ማነው?» ይላል ተነሥቶ። «እኔ ጣቴን በመዶሻ ስመታ ‹ወይኔ› እንኳ አሟልቶ አይወጣኝም። እሱ ደረቱን ተመትቶ ስለ አገሩ ወንዝ ያወራል!»

«ለእናቱ መልእክት ሊያስተላልፍ ነዋ» ይለዋል ሚንሃጅ።

«ለእናቱማ ዝም ቢላት ይሻላል።»

ጦርነቱ ጎጃም ከገባ ወዲህ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ተመልካቹ ሁሉ የተኩስ ዐዋቂ ሆነ። «ይኼ የክላሽ ድምፅ አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው የሚመቱት» ይላሉ። «መትረየስ እንዲህ አያስልም» ይላሉ። አንድ የገበያ ቀን ግን የፊልሙ ተኩስ በጣሪያው ሾልኮ ወጣና ገበያተኛው እቃውን ጥሎ ሮጠ፤ አንዲት ሴት ወድቃ እጇ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የኋላሸት የጦርነት ፊልም ሲያሳይ ድምፁን ጨርሶ ይዘጋዋል። ታንኩ ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ቤቱ ያለ ድምፅ ይፈርሳል። «ተኮሰ» ይላል የኋላሸት በቀስታ። «መለሱለት። ሳተው።» ሌላ ምንም አይሰማም። ሰዉ ይኼን ይበልጥ ወደደው። ሚንሃጅ «የጦርነት ፊልም አሁን ገና አስፈራኝ» አለ።

ውበቱ ለመጨረሻ ጊዜ ስክሪን ላይ የሞተው በድልድዩ ፊልም ነው። ፊልሙ የየት አገር እንደሆነ አምደሚካኤል እንኳ እርግጠኛ አልነበረም። አንድ ወታደር ጓደኞቹ ወንዙን እስኪሻገሩ ብቻውን የእንጨት ድልድይ ላይ ይቀራል። ውበቱ እጁን አውጥቶ «ይችን ሞት ለእኔ!» ብሎ ለመነ፤ ተሰጠው። ያን ዕለት «ነፍስ ይማር!» የተባለው ጩኸት ውጭ የቆሙትን ባጃጆች ሳይቀር አስደነገጠ። ውበቱ አግዳሚው ላይ ወጥቶ እጅ ነሣ። ማታውን ለእናቱ ለወለተ ኪዳን አንድም ሳያስቀር ነገራት፤ ድልድዩን፣ አሟሟቱን፣ ሰዉ እንዴት እንደጮኸለት። ወለተ ኪዳን ገበያ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። «በአፍህ ሞት አትጥራ አላልኩህም!» ብላ ተቆጣችው። ከዚያ «እና አንተ ስትሞት ጮኹልህ?» ብላ ደግማ አስነገረችው።

በሌላው ሳምንት ውበቱ ሮብ ገበያ ከተማ የአንድ አዲስ ቤት በሮች ሊገጥም ሄደ። መንገድ ላይ ሳለ ተኩስ ተነሣ።

ወሬውን ያመጣው ሚንሃጅ ነው። ከሮብ ገበያ በእግሩ የመጣ ነጋዴ ሱቁ ገብቶ ነገረው። ውበቱ መንገድ ዳር ተመትቶ ወድቆ ተገኘ፤ በሩን ሊገጥምለት የነበረው ሰውዬ ራሱ አይቶ ለየው። የአካባቢው ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ወስደው ቀበሩት፤ ቄስም ፈታው። ሚንሃጅ ይህን ለየኋላሸት ሲነግረው ሁለቱም ቆመው ነበር፤ ሲጨርስ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር።

የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ለወለተ ኪዳን መርዶ የሚነግራት ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም። እሳቸው ደግሞ ያሉት ደብረ ወርቅ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልክ የለም። በእግር ሰው ተላከባቸው። የእድሩ ዳኛ «እስኪመጡ ድረስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። «ሴትዮዋ ልጇን ገበያ መሐል፣ ከወሬኛ አፍ መስማት የለባትም። በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመዷ ደጇን አንኳኩቶ ይነግራታል። እኛ ከኋላ እንቆማለን።»

ሁሉም አደራውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ በወለተ ኪዳን መደብ አጠገብ ማለፍ ሥራ ሆነ። የኋላሸት ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ለውጦ በወፍጮ ቤቱ በኩል መዞር ጀመረ።

እሷ ግን ራሷ መጣች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፊልም ቤቱን እየጠረገ ሳለ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

«እንደምን ዋልክ የኋላሸት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት ዋሉ እትዬ?»

«ውበቱ እስካሁን ድምፁ ጠፋ። መንገዱ ነው ይላሉ።»

«መንገዱ ነው» አለ የኋላሸት።

«ቤቱ ጭር ሲልብኝ ጊዜ፣ እስኪ ልጄ የሚውልበትን ልየው ብዬ መጣሁ። ስሙን የምትጠራበት ፊልም አለ አይደል? ድልድይ ያለበት። እሱን አሳየኝ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ የጦርነት ነው፤ ለእርስዎ አይሆንም። አንድ የሚያስቅ አለኝ፤ አንድ ሰውዬ ላም ሊገዛ ሄዶ…»

«የድልድዩን» አለች። «ውበቱ የነገረኝን።»

እምቢ ቢላት ለምን ብላ ትጠይቃለች። ለምን ብላ ከጠየቀች ደግሞ ፊቱ ይነግራታል። «እሺ እትዬ» አለ። «ነገ ይምጡ።»

ማታውን ለእየሩስ ሲነግራት «ታመምኩ በል» አለችው።

«ብታመም ልትጠይቀኝ ትመጣለች።»

በማግስቱ ሚንሃጅንና አምደሚካኤልን ሌሎቹንም ቀደም ብሎ ጠራቸው። «እንደ ወትሯችሁ ሁኑ» አላቸው። «እንደ ወትሯችሁ ሳቁ፣ ተሰዳደቡ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ እንደ ወትሮው ጩኹ። ውበቱ ነግሯታል፤ እንደሚጮህ ታውቃለች። ካልጮኻችሁ ይገባታል። ሰማችሁ?»

«ሰማን» አሉ።

«ሚንሃጅ፣ መጀመሪያ አንተ ጩኽ። ሌላው ይከተልሃል።»

«እሺ» አለ ሚንሃጅ። «እጮሃለሁ።»

ወለተ ኪዳን ስትገባ ሁሉም ብድግ አሉላት። ከፊት አግዳሚ፣ ውበቱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ማንም ሳያስቀምጣት ሄዳ ተቀመጠች። የኋላሸት ያን ቀን ማን ይሙትልኝ ብሎ አልጠየቀም። መብራቱን አጥፍቶ ጀመረ።

መጀመሪያው ላይ ደህና ነበር። ወታደሮቹ በበረዶ ውስጥ ይሄዳሉ። «ያ ረጅሙ አምደሚካኤል ነው» አለ የኋላሸት። «ይኼ ጫማው የተቀደደበት ሚንሃጅ። ይኼ ከኋላ የሚያፏጨው…» ማይኩን ወደ ሌላው እጁ አዛወረና «ውበቱ ነው» አለ።

ወለተ ኪዳን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ይኼ ነው? መልኩ ቀላ ብሏል» አለች። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አምደሚካኤል «ብርዱ ነው እትዬ!» አለ፤ ጥሩ አድርጎ ነበር ያለው። የኋላሸት ልቡ ትንሽ መለስ አለ። ከወትሮው እያስረዘመ ተረከ። ወታደሮቹ ሌሊት ድንች ጠብሰው ሲበሉ ወሬ ፈጠረላቸው፤ ውበቱን ቀልድ አስወራው። እሷም ሳቀች።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። ጓደኞቹ ተሻገሩ። ወታደሩ ብቻውን ቀረ። እንጨቱ ላይ ተንበረከከ።

«ተኮሰ» አለ የኋላሸት። «መለሱለት። ደግሞ ተኮሰ።»

ስክሪኑ ላይ ጭስ ይታያል። ድምፅ የለም።

«ውበቱ ተመታ።»

ወታደሩ ቀስ ብሎ በጎኑ ወደቀ። የኋላሸት ጠበቀ። ወደ ሚንሃጅ አየ። ሚንሃጅ አፉን ከፍቷል፤ ምንም አይወጣውም። አምደሚካኤል ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላ አንድ ሰው «ነ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። ያ ሁሉ ሰው፣ ለዶሮ ሞት ሳይቀር ሲጮህ የኖረ ሰው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በንፋስ ሲንቋቋ እስኪሰማ ዝም አለ። የኋላሸት ራሱ ሊጮህ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ትንፋሹ ብቻ በስፒከሩ ወጣ።

ወለተ ኪዳን ከስክሪኑ ዘወር ብላ ወደ ኋላ፣ ወደ ጨለማው አየች። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ይወርዳል። አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ዞረችና ፊልሙ እስኪያልቅ ሳትነቃነቅ ተመለከተች። የኋላሸት ከዚያ በኋላ ምን እንደተረከ አያስታውስም።

መብራቱ በራ። ማንም አልተነሣም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ወለተ ኪዳን። ድምፅዋ ደረቅ ነው እንጂ አልተንቀጠቀጠም። «ሲያልቅ ትከራከራላችሁ አይደል? ውበቱ እንደዚያ ነው የነገረኝ። ተከራከሩ እንጂ።»

ተያዩ። አምደሚካኤል እንደ ምንም ብሎ ጀመረ። «እንግዲህ… እኔ በረዶው ላይ ያለው ቀረጻ… ሲራመዱ ያለው ደስ ይለኛል። አይቸኩልም።»

«አንተ ሚንሃጅስ?»

«እኔ የጦርነት አልወድም እትዬ» አለ ሚንሃጅ መሬት መሬቱን እያየ። «የእኔ አስፈሪ ነው።»

«ይኼስ አያስፈራም?»

ሚንሃጅ አግዳሚውን በጥፍሩ ፋቀ።

«እኔ ደግሞ የታየኝን ልንገራችሁ» አለች። «ፊልሙ እናት የለበትም። ያ ሁሉ ልጅ በበረዶ ሲሄድ አንድ እናት አላሳዩም። አንድ እንኳ። ማን ወለዳቸው ታዲያ? ደግሞ የወደቀውን ልጅ እዚያው ድልድይ ላይ ትተውት ሄዱ። አልቀበሩትም?»

የኋላሸት ፊልሙን ከላይ እስከ ታች ያውቀዋል። ወታደሩን የሚቀብረው የለም፤ ድልድዩ ላይ እንደተኛ ነው የሚያልቀው። አፉን ሊከፍት ሲል ሚንሃጅ ቀደመው።

«ተቀብሯል እትዬ» አለ።

«ማን ቀበረው?»

«የአካባቢው ሰዎች። አንሥተው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ወሰዱት። በሚገባ ነው የያዙት።»

«ቄስ ፈታው?»

«ፈታው።»

«የሚያውቀው ሰው ነበር? ወይስ እንዲሁ ስም የለሽ ነው ያሉት?»

«የሚያውቀው ሰው ነበር» አለ ሚንሃጅ፤ አሁን እንባው እየወረደ ነው፤ አልጠረገውም። «በስሙ ነው የተቀበረው።»

ወለተ ኪዳን ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ተነሣችና ወደ የኋላሸት መጣች፤ በጣም ቀርባ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማው በሚመስል ድምፅ ተናገረች፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«እኔ ዛሬ ፊልም ነው ያየሁት። ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። የልጄን ወሬ የሚነግረኝ ወንድሜ ነው፤ መጥቶ በደጄ። ወንድሜ እስኪመጣ አልሰማሁም። እናንተም አልነገራችሁኝም። ገባህ ልጄ?»

«ገባኝ እትዬ» አለ የኋላሸት።

ወጣች። የሸኛት የለም፤ ሸኚዎች ከተከተሏት ነገሩ ይወጣልና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ከሁሉም የከፉ ነበሩ። ወለተ ኪዳን በየማለዳው መደቧ ላይ ነጭ ሽንኩርቷን ትደረድራለች። ምንም የማያውቁ ደንበኞች «ውበቱ መጣ እንዴ?» ይሏታል። «መንገዱ ነው፤ ይመጣል» ትላለች፤ መዝና ትሰጣለች፤ መልስ ትመልሳለች። ሳቋ አልጠፋም፤ ከአፏ በታች አይወርድም እንጂ። የኋላሸት በወፍጮ ቤቱ በኩል መዞሩን ትቶ በፊት ለፊቷ ማለፍ ጀመረ። «እንደምን አደሩ» ይላታል፤ «ደህና አድረሃል» ትለዋለች። ሌላ ቃል የላቸውም። ፊልም ቤቱን አልከፈተም፤ ለጠየቀው ሁሉ ማሽኑ ተበላሽቷል አለ።

አንድ ቀን የሽንኩርት ጆንያዎቿን ከቤቷ አውጥታ ጎረቤት ስታስቀምጥ አያት። ጎረቤቷ «ምነው?» ስትላት «ቤቱ ጠበበኝ» አለች። የኋላሸት ለማን ቦታ እያሰፋች እንደሆነ ገባው። ሊያግዛት ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰ።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከደብረ ወርቅ በእግራቸው፣ ዋናውን መንገድ እየሸሹ በገደል በገደሉ መጥተው ሲደርሱ እግራቸው አባብጦ ነበር። የእድሩ ዳኛ ቤታቸው አሳርፈው ውሃ አቀረቡላቸው። እግራቸውን እየታጠቡ፣ ውሃ ወደሚያፈስላቸው የኋላሸት ቀና አሉ።

«እህቴ ሰምታለች?»

ዳኛውም ወደ እሱ ዞሩ። የኋላሸት ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ሰው አፍ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን በገዛ አፉ፣ ካህን ፊት፣ «አልሰሙም አባቴ» አለ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ብርዱ ይቆረጥማል። መሪጌታ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላቸው፣ የኋላሸትና አምደሚካኤል ከሁሉ መጨረሻ። ሚንሃጅም የሱብሂ ሶላቱን ሰግዶ መጥቶ አጥሩ ጥግ ቆሟል። ውሾች ጮኹ። መሪጌታ በመቋሚያቸው በሩን አንኳኩ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ኪዳነ ማርያም።»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ወለተ ኪዳን ለብሳ፣ መቀነቷን አጥብቃ ነበር። አልጋዋ ተነጥፏል፤ ከኋላዋ የሚታየው ወለል ባዶና ንጹሕ ነው። ወንድሟን አየች፤ ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ አየች። ዓይኗ የኋላሸት ላይ ሲደርስ አላረፈም፤ አለፈው።

«ወለተ ኪዳን» አሉ መሪጌታ። «ልጃችን ውበቱ አርፏል።»

የኋላሸት እቤቷ ለብቻዋ አልቅሳ የጨረሰችው መስሎት ነበር። ቀናቱን ሁሉ በጓዳዋ ያፈሰሰችው መስሎት ነበር። የወጣው ጩኸት ግን አንድ ጠብታ እንኳ ያልተቀነሰለት ነበር። አምደሚካኤል ክንዱን ያዘው። ሚንሃጅ አጥሩን ተደግፎ ቁጭ አለ። ከየቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ መውጣት ጀመሩ፤ አንዷ ጮኸች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ መንደሩ በሙሉ ተነሣ።

የእድሩ ዳኛ ወደ የኋላሸት ዞረው «ድንኳኑ ይምጣ» አሉት። እሱና አምደሚካኤል ሚንሃጅን ከተቀመጠበት አነሡትና እንጨቱን ሊሸከሙ ሦስቱም አብረው ሄዱ።